ሮምን በአበበ መንገድ እዩአት

ዓመቱን ሙሉ በፈረቃ ስንለፋ ከርመን ፈቃድ ስናገኝ አብዛኞቻችን የምንሄደው አንድም አገር ቤት፣ አንድም የዘመድ ሠርግ ያለበት ከተማ ነው። አገር ቤት አትሂዱ የሚል ምክር ከእኔ አትጠብቁ። ግን በየሁለት ሦስት ዓመቱ አንዴ ሌላ አገር ለማየት ካሰባችሁ፣ ከዱባይ የገበያ አዳራሾች በፊት ሮምን አስቡ። ካየኋቸው ከተሞች ሁሉ ደጋግሜ የምሄድባት እሷ ናት። ኮሎሲየሙን ማንም ያሳያችኋል። የእኛን ታሪክ ግን ቱሪስት የሚያዞረው አውቶቡስ አያሳያችሁም፤ በእግር መፈለግ ነው።

ጊዜውን ከቻላችሁ ከእንቁጣጣሽ ጋር አገጣጥሙት። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሙቀቱ አያስወጣ አያስገባ። ደግሞም አበበ ቢቂላ ሮም ላይ የኦሎምፒክ ማራቶን ሮጦ ያሸነፈው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ ነበር። ውድድሩ ሙቀቱን ሽሽት አመሻሽ ላይ ተጀምሮ ማታ አለቀ፤ በጥንታዊው የአፒያ መንገድ ላይ ወታደሮች ችቦ ይዘው ያበሩ ነበር። እናንተም በምሽት ሂዱበት። ማራቶኑን በሙሉ አላልኩም! ከቅዱስ ሴባስቲያን በር ተነስታችሁ፣ በካራካላ መታጠቢያ ፍርስራሽ በኩል አልፋችሁ እስከ ቆስጠንጢኖስ ቅስት ድረስ ያለው ልጅ እያባበላችሁም ከአንድ ሰዓት ብዙ አይበልጥም።

ጉዞውን ከመጀመራችሁ በፊት ከበሩ ወጣ ብላችሁ የአፒያን የድንጋይ ንጣፍ ርገጡት። ትንሹ ልጄ፣ አበበ በባዶ እግሩ ነው የሮጠው ስለው ጫማውን አውልቆ ተነሳ። ጥቂት ተራምዶ «አባዬ፣ ይቆረቁራል» ብሎ መልሶ አጠለቀው። 42 ኪሎ ሜትር በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ምን ማለት እንደሆነ ከዚያ በኋላ ማስረዳት አላስፈለገኝም።

ፖርታ ካፔና አደባባይ ስትደርሱ ቁሙ። ፊት ለፊታችሁ ያለው ግዙፍ ነጭ ሕንፃ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት፣ ፋኦ፣ ነው። ሲጀመር ግን ለፋሺስቱ መንግሥት የአፍሪካ ቅኝ ግዛት ሚኒስቴር የታሰበ ነበር። ሙሶሊኒ በ1929 ዓ.ም. ከአክሱም ያስወሰደውን ሐውልት ያስተከለው እዚሁ ደጃፍ ላይ ነው። አበበም ከሞሮኮው ራዲ ጋር ጎን ለጎን ሲሮጥ ቆይቶ ጥሎት የወጣው ወደዚህ ሲቃረብ ነበር። ከአገሩ የተዘረፈ ሐውልት ስር፣ በወራሪው ዋና ከተማ፣ ለዚያውም በዋዜማ! ደራሲ ቢጽፈው አጋነነ ይባል ነበር።

ጣሊያን ሐውልቱን ልትመልስ በ1939 ዓ.ም. ብትፈርምም እስከ 1997 ዓ.ም. ከዘመን ዘመን ስታጓትት ቆየች። 24 ሜትር ርዝመትና 160 ቶን ያህል ክብደት ስላለው በሦስት ተከፍሎ፣ በሦስት በረራ ነው አክሱም የገባው። ዛሬ አደባባዩ ላይ በኒውዮርኩ የመንትያ ሕንፃዎች ጥቃት ለሞቱት መታሰቢያ የሚሆኑ ሁለት ዓምዶች ቆመዋል። ስለዚህ የድሮውን ፎቶ ስልካችሁ ላይ አስቀድማችሁ ጫኑና ለልጆቹ ከቦታው ጋር እያስተያያችሁ አሳዩአቸው።

ባቡር ጣቢያው፣ ቴርሚኒ፣ ፊት ለፊት ያለውን አደባባይ ደግሞ ሁላችንም ሻንጣ እየጎተትን ሳናየው እናልፋለን። ስሙ «የአምስት መቶው አደባባይ» ነው፤ አምስት መቶው ራስ አሉላ በጥር ወር 1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ የደመሰሷቸው የጣሊያን ወታደሮች ናቸው። መታሰቢያቸው ትንሽ ራቅ ብሎ ከዛፎች መካከል ይገኛል። በወረራው ዘመን ከአዲስ አበባ የተወሰደው የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ቆሞ የነበረው፣ ዘርዓይ ደረስም በ1930 ዓ.ም. ተቃውሞውን ያሳየው እዚያ ነው። ቦታው የተረሳና የተጎሳቆለ ስለሆነ ብዙ አትጠብቁ።

ቫቲካን ከገባችሁ ከቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ጀርባ የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ የሚባል ቤተ ክርስቲያን አለ። ከ15ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ መነኮሳቶቻችን ያረፉበት ነው፤ የደብረ ሊባኖሱ አባ ተስፋ ጽዮንም ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ ያሳተመው ሮም እያለ፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ነው። ከቫቲካን አጥር ውስጥ ስለሆነ ዝም ብሎ አይገባም፤ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ለምግብ አትጨነቁ። ጾመኛ ከሆናችሁ ፒዛ ማሪናራ እዘዙ፤ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርትና ኦሬጋኖ ብቻ ነው፣ አይብ የለበትም። እንጀራ ካማራችሁ በቴርሚኒ ዙሪያ የሐበሻ ቤት አታጡም። ማኪያቶ ቆማችሁ ጠጡ፤ ከተቀመጣችሁ ዋጋው ሊጨምርባችሁ ይችላል። ውኃ አትግዙ፤ በየመንገዱ ከሚፈሱት ቧንቧዎች ቅዱ፣ ቀዝቃዛና ንጹሕ ነው።

አሁን ወረቀት። አሜሪካ በግሪን ካርድ እየኖራችሁ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዛችሁ፣ ግሪን ካርዱ ጣሊያን አያስገባችሁም፤ የሸንገን ቪዛ ያስፈልጋችኋል። እንግሊዝ የምትኖሩም እንዲሁ። ማመልከቻው ከጉዞው 6 ወር ቀደም ብሎ ይቀበላል፤ በአውሮፓ በጋ ቀጠሮ ስለሚጠፋ ለጳጉሜን የምትሄዱ ከፋሲካ በፊት ጀምሩ። ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ደግሞ የፓስፖርታችሁን ማብቂያ ቀን እዩ፤ ከሸንገን ከምትወጡበት ቀን በኋላ ቢያንስ 3 ወር ሊቀረው ይገባል፣ የእኛ ፓስፖርት እድሳት ደግሞ እንደምታውቁት ነው።