ማንቆርቆሪያው ባዶ አይሁን

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ። በዚህ ዓምድ ከትምህርት ቤት ለሚመጡ ጥያቄዎች መልስ የሚሰጡት ደብረ ማርቆስ የሚኖሩ የአማርኛ መምህር ናቸው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የተማሪዎች ቴአትር ክበብ ሲያስተባብሩ ኖረዋል።

ጥያቄ

ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ከብቸና ወጣ ብሎ ባለ የገጠር ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ። የቴአትር ክበቡንም የያዝኩት እኔ ነኝ። ልጆቼ ወረዳውንም ዞኑንም አልፈው፣ ባሕር ዳር ለሚካሄደው የክልል የትምህርት ቤቶች የድራማ ፌስቲቫል ተመርጠዋል። ደስ ብሎኛል፤ እንቅልፍም አጥቻለሁ።

ድራማው ስለ ያለዕድሜ ጋብቻ ነው። ስክሪፕቱን አብሬ ልኬልዎታለሁ። ልጆቹ ቃላቸውን ጠጥተውታል። መድረክ ላይ ሲወጡ ግን ይጮኻሉ። ሁሉም ፊቱን ወደ ተመልካች አዙሮ ለሰልፍ የወጣ ይመስል ይናገራል። የዞን ዳኞችም "ገጸ ባሕርያቱን አልሆኗቸውም" አሉን። ባልደረቦቼ ደግሞ "የባላገር አነጋገራቸውን አስተካክይላቸው፤ ባሕር ዳር ላይ ይሳቅባቸዋል" ይሉኛል። ሙሽራዋን የምትሠራው ልጅ ከሁሉም ትበልጣለች፤ ሕዝብ ስታይ ግን እጇ ይንቀጠቀጣል። በሌላ ልተካት? የቀረኝ ሦስት ሳምንት ነው። እንደ ልጅዎ ቆጥረው ይምከሩኝ።

መልስ

ልጄ፣ እንኳን ደስ አለሽ። ልጆችሽንም እንኳን ደስ አላቸው በይልኝ። አዳራሽ በሌለው ትምህርት ቤት፣ ግማሹ ተማሪ ከትምህርት መልስ ከብት ጥበቃ በሚሄድበት አገር፣ ዞን ማለፍ ትልቅ ነገር ነው። ስክሪፕቱን ደጋግሜ አነበብኩት። ልብ የሚነካ ነገር አለበት።

ዳኞቹ ያሉሽ እውነት ነው፤ ምን ማድረግ እንዳለብሽ ግን አልነገሩሽም። ልጆችሽ የሚጮኹት ስለማይደማመጡ ነው። አባት የሆነው ልጅ ቃሉን ተናግሮ ሲጨርስ ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። ልጅቷም ተራዋ እስኪደርስ የራሷን ቃል በሆዷ እያነበነበች ትቆያለች። አባቷ ምን እንዳለ አልሰማችም። ያልሰማ ሰው መልስ የለውም፤ ያለው ጩኸት ብቻ ነው። የቀረሽን ጊዜ በሙሉ ለዚህ ስጪው።

እንዲህ አድርጊ። ከልምምድ በፊት አባት የሚሆነውን ልጅ ለብቻው ጥሪና ቃሉን እንዲቀይር በጆሮው ንገሪው። ስክሪፕቱ ላይ "ሰርጉ በጥር ነው" ይላል። እሱ "ከፋሲካ በኋላ ነው" ይበል። ልጅቷ ምንም ሳይመስላት የሸመደደችውን ከቀጠለች አልሰማችም ማለት ነው። ደንገጥ ብላ ካየችው ግን ሰምታለች። እዚያው አስቁሚና "አሁን ያየሽው አስተያየት ነው የምፈልገው" በያት። በሌላ ቀን ደግሞ እናትየው ትቀይር። ማን መቼ እንደሚቀይር አያውቁምና መተያየት ይጀምራሉ። ወደ ተመልካች መዞሩም ያኔ ራሱ ይቀራል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ትዕይንት ልግባ፤ ድራማሽ የሚነሳውም የሚወድቀውም እዚያ ነው። ሽማግሌዎች ይመጣሉ። አባት "ልጄን ሰጥቻችኋለሁ" ይላል። ልጅቷ ከውጭ ሮጣ ገብታ "አይሆንም! እኔ መማር እፈልጋለሁ!" ብላ ትጮኻለች። እስቲ አንቺው አስቢው። ብቸና አካባቢ ያደገች የ13 ዓመት ልጅ ሽማግሌ ፊት እንዲህ ትላለች? ሽማግሌ ሲመጣ እሷ የት ነው የምትሆነው? እዚያው ቤት ናት። ታስታጥባለች።

ስለዚህ ሮጣ አትግባ። ከመጀመሪያው ጀምሮ መድረክ ላይ ትኑር። ፎጣው ትከሻዋ ላይ፣ መታጠቢያው በግራ እጇ፣ ማንቆርቆሪያው በቀኝ እጇ። ጎንበስ ብላ በዕድሜ ከሚበልጠው ትጀምር። ሰውየው ረጋ ብሎ ይታጠብ። ሲጨርስ "እደጊ ልጄ" ይበላት፤ ማንም ሽማግሌ ይለዋል። ሊያጋባት የመጣ ሰው መሆኑን ተመልካቹ ገና አላወቀም። ወደ ሁለተኛው ሽማግሌ ትለፍ። እሱ እጁን ዘርግቶ ውሃው ሲወርድለት፣ የመጀመሪያው እጁን በፎጣ እያደረቀ ወደ አባትየው ዞሮ "እንግዲህ የመጣነው ልጅዎን ለልጃችን ብለን ነው" ይበል።

ውሃው እዚህ ላይ ይቁም።

አትጩኽ። ማንቆርቆሪያውንም አትጣለው። ማፍሰሷን ብቻ ታቁም። ሁለተኛው ሽማግሌ የረጠበ እጁን እንደዘረጋ ቀና ብሎ ይያት። ሁሉም ዝም ይበል። ከዚያ አባት፣ ሳይቆጣ፣ ትንሽ አፍሮ "አስታጥቢ እንጂ!" ይበላት። ታፍስ? አታፍስ? አዳራሹ በሙሉ ትንፋሹን ውጦ እጇን ያያል። "መማር እፈልጋለሁ" የሚለውን ከዚህ በኋላ ቀስ ብላ ብትለው እንኳ ይሰማል። እንዲያውም ቀስ ብላ ትበለው።

አደራ የምልሽ፣ ማንቆርቆሪያው ውሃ ይኑረው። ብዙ ትምህርት ቤቶች በባዶ ዕቃ ያስመስላሉ። ልጁ ባዶ ዕቃ ሲይዝ እጁ ይዋሻል፤ እጁ ሲዋሽ ፊቱም ይከተላል። ውሃ ግን ይከብዳል፣ ይንጠባጠባል፣ ልብስ ያረጥባል። ልጅቷ ስለ ውሃው ስታስብ ስለ ሕዝቡ ማሰብ ትረሳለች።

እጇ ይንቀጠቀጣል ያልሽው ጥያቄም መልሱ እዚህ ነው። ፈጽሞ እንዳትተኪያት! ይንቀጥቀጥ። በዚያች ሰዓት የማንኛዋም ልጅ እጅ ይንቀጠቀጣል። ማንቆርቆሪያው መታጠቢያውን ሲነካ ኳ ኳ ይላል፤ ተመልካቹም የፈራችው እሱን መሆኑን አያውቅም፤ ሽማግሌዎቹን የፈራች ነው የሚመስለው። ይህንን ለእሷም ንገሪያት። "አትፍሪ" የሚባል ልጅ ይብሱኑ ይፈራል። "ፍርሃትሽን ወደ ማንቆርቆሪያው ላኪው" በያት። ሕዝብ ማየትንም ቀስ በቀስ አስለምጃት። መጀመሪያ ለሦስተኛ ክፍል ሕፃናት ያሳዩ፤ ቀጥሎ ወላጆች ሲሰበሰቡ፤ ከዚያ በጉድኝታችሁ ውስጥ ላለ ሌላ ትምህርት ቤት።

አባትየውን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። ስክሪፕቱ ላይ ክፉ ሰው ነው። ክፉ ሰው ለመሥራት ቀላል ነው፤ ለዚህም ነው ልጁ የሚጮኸው። እኛ አገር ልጁን ያለዕድሜዋ የሚድር አባት ግን ብዙ ጊዜ ልጁን ይወዳል። ሳይሞት ወግ ማዕረጓን ማየት ይፈልጋል። "ቆማ ቀረች" እንዳትባልበት ይሰጋል። ከደህና ቤተሰብ መዛመድ ይፈልጋል። ለሽማግሌ የሰጠው ቃልም አለ፤ ቃሉን ማጠፍ ሞት ነው። አባት የሚሆነው ልጅ ይህ ሁሉ በሆዱ ይኑር። ያኔ "አስታጥቢ እንጂ" ሲላት ድምፁ ራሱ ይለወጣል።

መጨረሻ ላይ የሚመጣው ፖሊስ ይቅር። አንድ ገጽ ሙሉ አንቀጽ ይዘረዝራል። በክልላችን የቤተሰብ ሕግ የጋብቻ ዕድሜ 18 ዓመት መሆኑን ዳኞቹ ያውቁታል፤ ተመልካቹም ያውቀዋል። ሕጉ የግድ ይነሳ ካልሽ፣ ክፍሏን የሚያስተምረው መምህር በአንድ አረፍተ ነገር ያንሳው። ይልቅ እስከዚያ ድረስ ወጥ ስታማስል የቆየችው እናት ትናገር። ወደ ሽማግሌዎቹ ዞራ "እኔንም በእሷ ዕድሜ ነበር ያመጣችሁኝ" ብትል ፖሊሱ ከሚያነበው ሁሉ ይበልጣል።

ስለ አነጋገር ባልደረቦችሽን አትስሚ። በዚህ ጉዳይ አልደራደርም። ልጁ ቤቱ "አብየ" ብሎ ጠርቶ ካደገ መድረክ ላይም "አብየ" ይበል። "አንች" የምትል እናት "አንቺ" ብላ እንድትናገር ስታስገድጃት፣ ሐሳቧ በሙሉ አፏ ላይ ይቀራል፤ መደማመጡም አብሮ ይጠፋል። ታሪኩ የጎጃም ገበሬ ቤት ታሪክ ነው። የአዲስ አበባ ቴሌቪዥን አነጋገር እዚያ ቤት ምን ይሠራል? ከወሎም ከጎንደርም ከሸዋም የሚመጡት ልጆች የራሳቸውን ለዛ ይዘው ይምጡ። ፌስቲቫል የተባለው ለዚህ ነው።

አነጋገርን አለማስተካከል ማለት ግን ቃል ይዋጥ ማለት አይደለም። አማርኛ ግሡን የሚያስቀምጠው መጨረሻ ላይ ነው። የልጆች ትንፋሽ የሚያልቀውም መጨረሻ ላይ ነው። "ትምህርቴን ጥዬ..." ይሰማል፤ "አልሄድም" ትበል "እሄዳለሁ" ሳይለይ ይቀራል። ዋናው ጉዳይ ተዋጠ ማለት ነው። ሁለት ልጆችን አንዱን ከባንዲራው ምሰሶ ሥር፣ ሌላውን ከመማሪያ ክፍሉ ግድግዳ ሥር አቁሚ። እየተነጋገሩ አንዱ የሌላውን የመጨረሻ ቃል ብቻ ይድገም። መጮኽ የለም፤ ከመናገር በፊት ትንፋሽ መሳብ ብቻ። ነፋስ ባለበት ቀን ቢሆን ይመረጣል።

ይህን ያለ ማይክ ይልመዱ። አዳራሹ ውስጥ ማይክ ቆሞ ካዩ ሁሉም ወደ እሱ መሮጣቸው አይቀርም፤ ድራማውም እዚያው ያልቃል። ባሕር ዳር እንደደረሳችሁ አዘጋጆቹን አስፈቅደሽ መድረኩን አስረግጫቸው። ማይኩ የት እንደሚቆም ይዩ፣ የት እንደሚገቡና እንደሚወጡ ይዩ።

አልባሳት ላይ ገንዘብ አታውጪ። ጋቢው፣ ነጠላው፣ ዱላው፣ የአያት በርኖሱ ከየቤቱ ይገኛል። የጥጥ ጢም ግን ይቅር፤ ሕዝብ ይስቅበታል። ሽማግሌ የሚሆኑት ልጆች በገበያ ቀን ይሂዱና አንድ ሽማግሌ እንዴት እንደሚቀመጥ፣ ዱላውን የት እንደሚያሳርፍ፣ ሲያዳምጥ ዓይኑን የት እንደሚጥል አይተው ይምጡ። ከጢም ይሻላል።

የሰዓት ገደቡንና የዳኝነት መስፈርቱን ከወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ተቀበይ። በሰዓት ስትለኩ ለተመልካች ሳቅና ጭብጨባ ትንሽ ደቂቃ አስተርፊ።

መንገዱ ረጅም ነው፤ መኪና የማይስማማቸው ልጆች ይኖራሉ። ከተቻለ በዋዜማው ድረሱ። ከእናንተ ደጋ ባሕር ዳር ይሞቃል፤ ውሃ በደንብ ይጠጡ። ጣናን ለማየት መጣደፋቸው አይቀርም፤ የመጀመሪያ ጊዜያቸው ነውና አይፈረድባቸውም። ከድራማው በኋላ ግን። ቀድመው ከሄዱ ፀሐይ መትቷቸው፣ ድምፃቸው ዘግቶ ይመለሳሉ። ማንቆርቆሪያውንም ራስሽ ያዢው፤ ልጅቷ እጇ የለመደውን ትፈልጋለች።

ጥያቄ

ከደምበጫ ነው የምጽፈው። ልጄ የ8ኛ ክፍል ተማሪ ናት። ዘንድሮ ሚኒስትሪ ትፈተናለች። ትምህርት ቤቷ ለድራማ ባሕር ዳር ወስዶ ሊያሳድራት ፈርሙ አለን። እሷ እያለቀሰች ትለምነኛለች። ዘመዶቼ "ቴአትር የአዝማሪ ሥራ ነው፤ ልጅህን እንዳታጠፋት" ይሉኛል። ምን ይመክሩኛል?

መልስ

ወንድሜ፣ ስለ ማደሩ መስጋትዎ ትክክል ነው። የሚያሳፍር ጥያቄ አይደለም። ትምህርት ቤት ይሂዱና ከሴት ልጆቹ ጋር አንድ ክፍል የምታድረው መምህርት ማን እንደሆነች ይጠይቁ። ስልኳን ይቀበሉ። ሴት መምህርት ካልተመደበ እስክትመደብ አይፈርሙ። ልምምዱም ከክፍል ሰዓት ውጪ እንዲሆን ይጠይቁ። ፈተናው የሚጎዳው በዚያ በኩል ነው እንጂ በሁለት ቀን ጉዞ አይደለም።

ዘመዶችዎን በተመለከተ፣ አዝማሪም ቢሆን የተከበረ ሙያ ነው። ቴአትርን በተማሪ ማሠራት ደግሞ በእኛው አገር ሰው የተከበረ ሥራ ነው። ዮፍታሔ ንጉሤ የደብረ ኤልያስ ልጅ ነው። ቅኔ የተማረ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነው። አዲስ አበባ ሄዶ መምህር ሲሆን ድራማ እየጻፈ ተማሪዎቹን መድረክ ላይ ያወጣ ነበር፤ ያውም ከጣሊያን ወረራ በፊት። ይህንን ለዘመዶችዎ ይንገሯቸው።

ከመፈረምዎ በፊት ግን ልጅዎን "የምትሠሪውን እስቲ አሳዪኝ" ይበሏት። እናቷም ትቀመጥ። ከዚያ ይፈርሙ። ስትሄድ ጋቢ ያስይዟት፤ የሚያድሩት መማሪያ ክፍል ውስጥ ከሆነ ወለሉ ሲሚንቶ ነው።