በርሜሉ ይፈነዳ ይሆን?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ቤቴ አራት ኪሎ ነው። ግቢዬ ውስጥ አራት ክፍል ለተማሪዎች አከራያለሁ። የኤሌክትሪክ ቦይለሩ ተቃጠለብኝ፤ መብራቱም እንደሚያውቁት ነው። አንድ በያጅ በእንጨት የሚሠራ ቦይለር ከላሜራ ልሥራልዎት፣ ሙቅ ውኃውም ባለ 200 ሊትር በርሜል ውስጥ ይጠራቀማል ብሎኛል። ልጄ ደግሞ «እማዬ፣ ቦምብ ነው የምታስቀምጪው» ይለኛል። የማንን ልስማ?

መልስ፦ እህቴ፣ ልጅዎ የፈራው ያለ ምክንያት አይደለም። ግን በያጁ አንድ ክፍት ቧንቧ ካልረሳ ቦምብ አይሆንም።

የኤሌክትሪክ ቦይለር ውኃው ሲሞቅ በራሱ ያጠፋል። እሳት እንዲህ አያውቅም። ተማሪዎቹ ፈተና ደርሶባቸው ማንም ሳይታጠብ ቢውል፣ እንጨቱ እስኪያልቅ ውኃውን ማንተክተኩን አይተውም። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ደግሞ ውኃ የሚፈላው 100 ላይ ሳይሆን 92 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ነው። እንፋሎቱ መውጫ ካጣ ላሜራውን ቀዶ ይወጣል። ስለዚህ ከበርሜሉ አናት ሽቅብ የሚወጣ፣ ጫፉ ከሮቶው (ከፕላስቲኩ የውኃ ታንከር) በላይ የሆነ ክፍት ቧንቧ የግድ ነው። ቫልቭ የሚባል ነገር አይግባበት። ውኃው እንዳይባክን ብለው ጫፉን ወደ ሮቶው የሚያጥፉ አሉ። እንዳያስደርጉ። ፕላስቲክ የፈላ ውኃ ሲወርድበት ይለሰልሳል፣ ይጎብጣል። ሰው በማያልፍበት በኩል ወደ ደጅ ይፍሰስ።

አቀማመጡ ቀላል ነው። ቦይለሩ ከታች፣ በርሜሉ ከእሱ በላይ፣ ሮቶው ከሁሉም በላይ። ሙቅ ውኃ ስለሚቀል በራሱ ይወጣል፣ ቀዝቃዛው ይወርዳል፤ ፓምፕ አያስፈልግም። ብቻ ሙቁ የሚወጣበት ቧንቧ እስከ በርሜሉ ድረስ ሽቅብ ይሂድ። የሆነ ቦታ ላይ ካጎነበሰ አየር ይቋጥርና ዝውውሩ ይቆማል። ይህ ቧንቧ የብረት ይሁን። ፒፒአሩን (የፕላስቲኩን ቧንቧ) ለሻወሩ ያቆዩት።

አሁን የራሴን ጥፋት ልንገርዎት። የዛሬ 14 ዓመት ካዛንቺስ አንድ ግቢ ውስጥ (ግቢው አሁን ፈርሷል) ይህንኑ ሥራ ሠራሁ። ከሮቶው ወደ በርሜሉ ከሚወርደው ቧንቧ ላይ ለልብስ ማጠቢያ የሚሆን አንድ መስመር ቀጠልኩ። አምስት ሜትር ቧንቧ ለመቆጠብ! ውኃ በፈረቃ ነበርና አንድ ቀን ሮቶው ደረቀ። ሠራተኛዋ የልብስ ማጠቢያውን ስትከፍት ውኃ መጣላት። ደስ አላት። ለካ በርሜሉ ነው ወደ ኋላ እየተገለበጠ ያለው። ቦይለሩ ውስጥ የቀረችው ውኃ ተንና አለቀች፤ ላሜራው ፍም መሰለ። ማታ የፈረቃው ውኃ ተለቀቀ። ቀዝቃዛው የጋለው ብረት ላይ ሲወርድ ብየዳው ትርትር አለ። ማድ ቤቱ በእንፋሎት ታፈነ። ደግነቱ ውስጥ ሰው አልነበረም። ቦይለሩን በገንዘቤ ተካሁ፤ የግቢው ባለቤት ሴትዮ ግን እስከ መጨረሻው በደንብ አላናገሩኝም።

ስለዚህ ለበርሜሉ የራሱ ቧንቧ ከሮቶው ለብቻው ይውረድለት። ሮቶው ባዶ ከሆነ እሳት አይነድም። ሳያውቁ ነድዶ ቦይለሩ ደርቆ ካገኙት ውኃ አይጨምሩበት። እሳቱን አውጥተው እስኪበርድ ይተዉት።

እንጨቱ ስንት ይፈጃል ካሉኝ፣ 200 ሊትር ውኃ ከ18 ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ 10 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ሙቀት ይፈልጋል። አንድ ኪሎ ደረቅ ባሕር ዛፍ 4 ያህል አለው። ግን እንዲህ ባለ ቦይለር ግማሹ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ በጪስ ማውጫው ይሄዳል። ከ5 እስከ 8 ኪሎ ይያዙ። እርጥብ እንጨት አይግዙ፤ መጀመሪያ የሚያፈላው የራሱን ውኃ ነው። ያ በርሜል ከቀዝቃዛ ጋር ተቀላቅሎ ሰባት ስምንት ሰው በደህና ያጥባል።

በርሜሉን ከምናለሽ ተራ የሚገዙ ከሆነ ምን ተይዞበት እንደነበር ይጠይቁ። ኬሚካል ከነበረበት ይቅር። ራቁቱን አያስቀምጡት፤ ጠዋት ለብ ያለ ውኃ ነው የሚያገኙት። ፋይበር ግላስ ጠቅልለው በላዩ ላሜራ ያልብሱት።

ቦይለሩ ደጅ ይሁን፣ ጣሪያ ይሠራለት፣ የጪስ ማውጫውም ከተከራዮቹ መስኮት ይራቅ። የከሰል ጪስ ስንቱን እንቅልፍ ላይ እንዳለ እንዳስቀረ ያውቃሉ፤ የእንጨቱም ያው ነው።

በያጁን ክፍቱን ቧንቧ የት እንደሚያወጣው ይጠይቁት። «እሱ ደግሞ ምን ያደርጋል?» ካለዎት ሌላ በያጅ ይፈልጉ።