ኢንተርፌሮንን ለማጥናት ለሚያስቡ የላቦራቶሪ ተመራቂ

ውድ ጠያቂያችን፣

በሕክምና ላቦራቶሪ ሳይንስ ዘንድሮ እንደሚመረቁ፣ ሁለተኛ ዲግሪዎን በኢሚዩኖሎጂ (በሰውነት በሽታ መከላከያ ጥናት) ለመቀጠል እንደሚሹ፣ ጓደኞችዎ ግን «ሳይቶካይን (ሕዋሳት እርስ በርስ መልእክት የሚለዋወጡበት ፕሮቲን) ማጥናት እንጀራ አይሆንም» እያሉ እንዳስፈሩዎት ጽፈውልኛል። ሥጋታቸው ከንቱ አይደለም፤ ይሁንና ያዩት ትምህርቱን እንጂ ሥራውን አይመስለኝም።

ከሳይቶካይኖች አንዱ የሆነው፣ እርስዎ የወደዱት ኢንተርፌሮን የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1957 ለንደን ውስጥ ነው። ተመራማሪዎቹ አሊክ አይዛክስ እና ዣን ሊንደንማን በሙቀት እንዳይራባ ያደረጉትን የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ከጫጩት ፅንስ ሽፋን ቁራጮች ጋር ካቆዩ በኋላ፣ ፈሳሹን ወስደው በሌሎች ትኩስ ቁራጮች ላይ ሲያደርጉት፣ ኋላ የተጨመረው ሕያው ቫይረስ እንደ ልቡ መራባት ተሳነው። የተጠቃው ሕዋስ የሚያመነጨው ፕሮቲን በጎረቤቱ ሕዋስ ተቀባይ ላይ ሲያርፍ፣ መልእክቱ እስከ ኒውክሊየስ ደርሶ በመቶ የሚቆጠሩ ጂኖችን እንደሚቀሰቅስ የታወቀው ግን ብዙ ቆይቶ ነው። ፕሮቲኑ እጅግ በጥቂቱ ስለሚመነጭ አጣርቶ ማውጣቱ ሃያ ዓመት ያህል ፈጀ፤ «ኢማጂኖን» (በምናብ ብቻ ያለ ነገር ለማለት) እያሉ የተሳለቁበትም ነበሩ። አይዛክስ በ1967 ሲያርፍ የተጣራውን ፕሮቲን አላየም።

የሙያው ጠባይ ዛሬም ይኸው ነው። ሳይቶካይን በፒኮግራም (በግራም ትሪሊዮንኛ) የሚለካ በመሆኑ፣ የደም ናሙና ፈሳሹ ከሕዋሳቱ ሳይለይ ከዋለ ወይም ደጋግሞ ከቀዘቀዘና ከሟሟ ውጤቱ ይዛባል። ስለዚህ የኢንተርሊውኪኖችን (በቁጥር የሚጠሩ ሳይቶካይኖችን) ቁጥር በቃል ከሚያውቅ ይልቅ ኤላይዛን (ፕሮቲንን በፀረ እንግዳ አካል የሚለካውን ምርመራ) ያለ ስሕተት የሚሠራ፣ የማነጻጸሪያ ናሙናን ዋጋ የሚረዳ ባለሙያ ይፈለጋል፤ ይህ ደግሞ የእርስዎ የመጀመሪያ ዲግሪ የሚሰጥዎ ብልጫ ነው።

ለአገራችን የሚቀርበው ሥራ በሳንባ ነቀርሳ ዙሪያ ያለው ነው። ደምን ከባክቴሪያው ፕሮቲኖች ጋር አሳድሮ የተለቀቀውን ኢንተርፌሮን ጋማ (አንዱን የኢንተርፌሮን ዓይነት) የሚለካው ምርመራ ኢንፌክሽን መኖሩን ይጠቁማል፤ ምልክት የሌለውን ድብቅ ኢንፌክሽን ከንቁው በሽታ ግን አይለይም፤ ይህን ጉድለት መሙላት ገና ያላለቀ የምርምር ጥያቄ ነው። በሥጋ ደዌና በሳንባ ነቀርሳ ምርምር የቆየውን አዲስ አበባ የሚገኘውን የአርማወር ሀንሰን ምርምር ኢንስቲትዩት ሥራዎች ቢያነቡ ይጠቅምዎታል።

ዩኒቨርሲቲ ከመምረጥዎ በፊት ለሚያማክርዎ መምህር ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ናሙናው አሁን በእጅ አለ ወይ፣ የመለኪያ መሣሪያው ይሠራል ወይ፣ ከውጭ የሚገዛው ሪኤጀንት (የምርመራ ኬሚካል) በጀት ተይዞለታል ወይ? ሦስተኛው ካልተመለሰ የመመረቂያ ጽሑፍዎን ርእስ ለመለወጥ ይዘጋጁ።