መልስ፦ ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቆመ ሰው እንዴት ታላቅ የታሚል ገጣሚ ሆነ?

ወንድሜ፣ የሰማኸው ልክ ነው። በደቡብ ሕንድ በሚነገረው በታሚል ቋንቋ ይጽፍ የነበረው ገጣሚ ካናዳሰን ትምህርቱን ያቆመው ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው፤ የቀረውን በራሱ ንባብ ሞላው። በ1927 (እ.ኤ.አ.) በደቡብ ሕንድ፣ ካራይኩዲ አካባቢ ተወለደ። የትውልድ ስሙ ሙቲያ ነው። የመጀመሪያው የፊልም ግጥሙ በ1949 ወጣ፤ ከዚያ በኋላማ በሺዎች የሚቆጠሩ ዘፈኖችን ጻፈ።

እኔን በጣም የሚገርመኝ አሠራሩ ነው። ብዙ ጊዜ ዜማው ይቀድማል። የሙዚቃ ደራሲው ኤም ኤስ ቪስዋናታን በሃርሞኒየም (በወናፍ አየር የሚሠራ፣ እንደ ፒያኖ በጣት የሚመታ መሣሪያ) እየተጫወተ ያሰማዋል። ካናዳሰን ስንኙን በቃሉ ይናገራል፣ ረዳቱ ይጽፋል። ዜማው ላይ ልክክ የሚል፣ ደግሞም ተራው ሰው ወዲያው የሚገባው ግጥም እዚያው መፍጠር የዋዛ ችሎታ አይደለም።

ፖለቲካም ውስጥ ነበር። በወጣትነቱ «አምላክ የለም» ይል ነበር፤ በኋላ ግን ስለ ሂንዱ እምነት ብዙ ቅጽ ያለው መጽሐፍ ጻፈ። በ1980 በታሪካዊ ልቦለዱ የሕንድ ብሔራዊ የሥነ ጽሑፍ ተቋም የሆነውን የሳሂትያ አካዳሚን ሽልማት አገኘ። በ1981 አሜሪካ፣ ቺካጎ ውስጥ አረፈ።

መስማት ከፈለግክ «ካኔ ካላይማኔ» የተባለውን የፊልም ዘፈን አስቀድም። የመጨረሻ ግጥሙ እንደሆነ ይነገራል፤ ዘፈኑ ያለበት ፊልም ለእይታ የበቃው እሱ ካረፈ በኋላ፣ በ1982 ነው።