ለጠባብ ጠረጴዛ፣ ለአማርኛ ጽሑፍ የሚሆን ሞኒተር

የጻፈችልኝ አንባቢ የመጻሕፍት ረቂቅ የምታርም ናት። የምትሠራው ከቤቷ ነው። ጥያቄዋ ባጭሩ ይህን ይላል፦ «ጋሼ፣ ቀኑን ሙሉ ባለ 14 ኢንች ላፕቶፕ ላይ አቀርቅሬ ስለምውል አንገቴን ያመኛል። ማታ ማታ ደግሞ ‹ነ› እና ‹ኘ› ይምታቱብኛል። ሞኒተር ልገዛ መርካቶ ሄጄ ሦስት አየሁ። አንዱ ያገለገለ 19 ኢንች ነው፣ ካሬ የሚመስለው የድሮው ዓይነት። ሁለተኛው ያገለገለ 22 ኢንች። ሦስተኛው አዲስ 27 ኢንች፣ ፉል ኤችዲ። ሻጩ ‹ለዓይን ትልቁ ነው የሚሻለው› አለኝ። ጠረጴዛዬ 80 በ50 ሴንቲ ሜትር ነው። የቱን ልውሰድ?»

እህቴ፣ 22ቱን ውሰጂ። ግን 22 ስለሆነ ብቻ ዝም ብለሽ እንዳትከፍዪ። ለምን እሱን እንዳልኩሽና ሱቅ ውስጥ ምን ማየት እንዳለብሽ ልንገርሽ።

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። ኢንች የሚለካው ከአንዱ ጥግ እስከ ተቃራኒው ጥግ፣ በሰያፍ ነው። ስለዚህ ኢንቹ ስክሪኑ ምን ያህል ቦታ እንደሚይዝ ይነግርሻል እንጂ ምን ያህል ጥራት እንዳለው አይነግርሽም። ጥራቱን የሚነግርሽ የነጥቦቹ ብዛት ነው። ፉል ኤችዲ ማለት በአግድም 1920፣ በቁም 1080 ነጥብ ማለት ነው። ሲባዛ 2 ሚሊዮን 73 ሺህ 600 ይሆናል። አብዛኛው አዲስ 22 ኢንችም ያንኑ ያህል ነጥብ አለው። ያየሽው 22ም እንዲሁ ከሆነ፣ ያ 27 ኢንች ከእሱ አንድ ነጥብ እንኳ አይበልጥም። ያው ነጥብ ተለጥጦ ነው። በ22ቱ ላይ አንድ ኢንች ውስጥ 102 ያህል ነጥብ ይገባል። በ27ቱ ላይ 82 ብቻ።

አንቺ ፊልም የምታዪ ብትሆኚ ይህ ያን ያህል ባላስጨነቀኝ ነበር። ሥራሽ ግን ፊደል ነው፣ ያውም የእኛ ፊደል። ፈረንጁ 26 ፊደል ነው ያለው፣ ቅርጻቸውም በደንብ ይለያያል። የእኛ 33ቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ናቸው፣ ዲቃላዎቹን ሳንቆጥር። ከዚያ ውስጥ ብዙዎቹ የሚለያዩት በአንዲት ጭረት ነው። ሰ እና ሸ፣ ነ እና ኘ፣ ደ እና ጀ፣ ዘ እና ዠ እላያቸው ላይ ባለች ትንሽ መስመር ነው የሚለዩት። ቡ እና ቢ ደግሞ ቅጥያዋ ወገብ ላይ ናት ወይስ እግር ላይ ብለሽ ነው የምትለያቸው። ዊንዶውስ ላይ ማጉሊያው (በስክሪን ቅንብር ውስጥ «ስኬል» የሚባለው) መቶ ፐርሰንት ሲሆን ባለ 12 ፊደል ቁመቱ የሚመደብለት 16 ነጥብ ነው። ይህ በየትኛውም ሞኒተር ላይ ያው ነው። በ16 ነጥብ ውስጥ የፊደሉን አካል፣ እግሩን፣ ራሱን፣ ያቺን ጭረትም መሣል አለበት። ጭረቷ የምታገኘው አንድ ነጥብ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ዓይንሽ ሲደክም የምትጠፋብሽ እሷ ናት።

27ቱ ላይ ፊደሉ ይተልቃል፣ እውነት ነው። የሚተልቀው ግን እነዚያው 16 ነጥቦች እየወፈሩ ነው። ጠርዙ ጥርስ ያወጣል። 22ቱ ላይ ማጉሊያውን ወደ 125 ፐርሰንት ከፍ ብታደርጊው ፊደሉ በዓይን ሲታይ ከ27ቱ ጋር እኩል ይሆናል፣ የተሠራው ግን በ20 ነጥብ ነው። ያቺ ጭረት ቦታ አገኘች ማለት ነው። ለአራሚ ይህ ትልቅ ልዩነት ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ጠረጴዛሽ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ ጸሐፊ ደንበኛዬ 27 ኢንች እንዲገዛ መክሬው ነበር። በሁለት ሳምንቱ ራስ ምታት ይዞኛል ብሎ መጣ። ቤቱ ሄጄ ሳይ ጠረጴዛው ከግድግዳ ጋር የተያያዘ ጠባብ መደርደሪያ ነገር ነው። አንዱን የመስመር ጫፍ ለማንበብ አንገቱን ወደ ግራ፣ ሌላውን ለማንበብ ወደ ቀኝ ያዞራል። ጠረጴዛውን ሳልጠይቅ በመምከሬ እስካሁን ይቆጨኛል። ከዚያ ወዲህ ሰው ሞኒተር ሲጠይቀኝ መጀመሪያ የምጠይቀው የጠረጴዛውን ጥልቀት ነው።

የአንቺ 50 ሴንቲ ሜትር ነው። የሞኒተሩ እግር ከኋላ ቦታ ስለሚይዝ ስክሪኑ ከግድግዳው አሥራ አምስት፣ ሃያ ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት ይመጣል። አንቺ ከጠረጴዛው ጠርዝ ትንሽ ራቅ ብለሽ ስትቀመጪ ከዓይንሽ እስከ ስክሪኑ 55 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ይህ ደግ ርቀት ነው። ክንድሽን ስትዘረጊ የጣትሽ ጫፍ ስክሪኑን ሊነካ ሲቃረብ ማለት ነው። በዚህ ርቀት 48 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው 22 ኢንች አንገት ሳይዞር በዓይን ይዳረሳል። 27ቱ 60 ሴንቲ ሜትር ነው። ጠረጴዛሽ 80 ስለሆነ መዝገበ ቃላትሽን የምታስቀምጪበት እንኳ አይተርፍሽም።

24 ኢንችስ ካልሽ፣ እሱም ክፉ አይደለም። ስፋቱ 53 ሴንቲ ሜትር፣ ነጥቡ በኢንች 93 ያህል ነው። ጥሩ 24 እና የደከመ 22 ጎን ለጎን ከቀረቡልሽ 24ቱን ያዢ።

ያንን 19 ኢንች ግን ሰው እንደሚያጣጥለው አላጣጥለውም። ካሬ መሰሉ 19 ቁመቱ 30 ሴንቲ ሜትር ነው። የ22ቱ ቁመት 27 እንኳ አይሞላም። ኤ4 ወረቀት 29.7 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ 19ኙ ላይ አንድ ገጽ በቁመቱ ልክ ይቀመጣል። ለአንድ ገጽ ሥራ ብዙ የቢሮ ሰው ለዓመታት የወደደው ለዚህ ነው። ችግሩ ሌላ ነው። ነጥቡ 1280 በ1024 ብቻ ስለሆነ በኢንች 86 ላይ ይቀራል። ዋናውን ጽሑፍና እርማቱን ጎን ለጎን ልክፈት ብትዪ አይበቃሽም። ደግሞ አብዛኞቹ ያረጁ ናቸው፣ ከኋላቸው የሚያበራውም ኤልኢዲ ሳይሆን ቀጭን የፍሎረሰንት ቱቦ ነው። ቱቦው ሲያረጅ ነጩ ገጽ ቢጫ ይሆናል፣ ጠዋት ሲከፈትም ቀላ ብሎ ይጀምራል። መብራትም የበለጠ ይበላል።

የአንድ ገጽን ነገር ከወደድሽው ሌላ መንገድ አለ። ለቢሮ ተብለው የሚሠሩ ሞኒተሮች እግራቸው ከፍና ዝቅ ይላል፣ ስክሪኑም 90 ዲግሪ ዞሮ በቁሙ ይቆማል። ዴል ላይ የፒ ተከታታይ፣ ኤች ፒ ላይ ኤሊት ዲስፕሌይ የሚባሉትን ፈልጊ። ያገለገሉት ገበያችን ላይ ይገኛሉ። 22 ኢንችን በቁሙ ስታቆሚው ቁመቱ ወደ 48 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል፣ ረጅም ረቂቅ ለሚያነብ ሰው በጣም ደስ ይላል። የዴሉን ስም ማንበብም ቀላል ነው። «ፒ2217ኤች» ከሆነ 22 ኢንቹ ነው፣ 17 የፈረንጆቹ 2017 ሞዴል ነው፣ ኤች ደግሞ ፉል ኤችዲ መሆኑ ነው። መጨረሻው ላይ ኤች ከሌለ ነጥቡ ሊያንስ ስለሚችል ጠይቂ። ጀርባው ላይ ያለው ወረቀትም የተመረተበትን ወርና ዓመት ይነግርሻል። ሻጩ «አዲስ ነው» ቢልሽም ወረቀቱን አንብቢ።

ዋጋ አልጽፍልሽም። ከሐምሌ 2016ቱ የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የዕቃ ዋጋ ሳይቆይ ይለወጣል። ቢያንስ ሦስት ሱቅ ጠይቂ።

አሁን ወደ ሱቁ እንሂድ። ላፕቶፕሽን ይዘሽ ሂጂ። ሻጩ የሚያሳይሽ የተራራና የአበባ ፎቶ ምንም አይነግርሽም። የራስሽን ረቂቅ ክፈቺ፣ በዚያው በምትሠሪበት ፊደል። ኒያላም ሆነ ሌላ፣ የለመድሽውን። ከዚያ ነጥቡ ሙሉ 1920 በ1080 ላይ መሆኑን በቅንብሩ አረጋግጪ። ከዚያ ካነሰ ምርጡ ሞኒተርም ፊደሉን ያደበዝዘዋል። ጠጋ ሳትዪ፣ በምትቀመጪበት ርቀት ሆነሽ ኘ ያለበትን ቃል ፈልጊ። ወዲያው ከታየሽ ግማሹ ሥራ አለቀ።

ቀጥሎ ከጎን እዪው። ከላይም፣ ከታችም። ቀለሙ ከተገለበጠ ወይም ከጠቆረ ፓናሉ፣ ማለትም ምስሉን የሚያሳየው ገጽ፣ ቲኤን የሚባለው ርካሽ ዓይነት ነው። በቁሙ ስታዞሪው ግራና ቀኝ ዓይንሽ የተለያየ ብርሃን ያያል፣ ያደክማል። አይፒኤስ የተባለውን ምረጪ። ከዚያ ሙሉ ነጭ፣ ሙሉ ጥቁር፣ ሙሉ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ገጽ በየተራ አሳዪው። የሞተ ነጥብ ካለ በዚህ ይጋለጣል። ጠርዝ ላይ ያለች አንዲት ነጥብ አታሳስብሽ። መሐል ላይ ከሆነች ግን ቀኑን ሙሉ እንደ አራት ነጥብ እያሳሳተችሽ ትኖራለች።

ብርሃኑን ዝቅ አድርጊና በስልክሽ ካሜራ ተመልከቺው። ጥቁር መስመሮች የሚንሸራተቱ ከሆነ ሞኒተሩ ብርሃኑን የሚቀንሰው ቶሎ ቶሎ እያጠፋ እያበራ ነው። ዓይን ባያየውም አንዳንድ ሰው ራሱን ያመዋል። አንቺ በቀን ስምንት ሰዓት ፊቱ ስለምትቀመጪ እንዲህ ያለውን እለፊው።

ያገለገለ ከሆነ ደግሞ ግማሽ ሰዓት በርቶ ይቆይ በዪ። ሻጩ ቢቸኩልም አትቸኩዪ። እኔ ጋ ለጥገና የሚመጡት ሁለት ዓይነት በሽተኛ ሞኒተሮች ናቸው። አንደኛው ሲበራ ቆይቶ የሚነሳ፣ ወይም በርቶ በሁለት ሰከንድ የሚጠፋ ነው። ይህ አብዛኛውን ጊዜ ፓወር ክፍሉ ውስጥ ካፓሲተር አብጦ ወይም የጀርባ መብራቱ ደክሞ ነው። ካፓሲተር በትንሽ ወጪ ይቀየራል። ሁለተኛው ከላይ እስከ ታች ቀጥ ያለ መስመር የወጣበት ነው። እሱ የፓናሉ ችግር ነው፣ ሲሞቅ ይበዛል፣ ፓናል መቀየር ደግሞ ሌላ ሞኒተር መግዛት ማለት ነው። አንዲት ፀጉር የምታህል መስመር እንኳ ብታዪ፣ ምንም ያህል ቢረክስ ተዪው።

ስለ ገመዱ ብዙ አልልም። ላፕቶፕሽ ኤችዲኤምአይ ስላለው ሞኒተሩም ያ ቢኖረው ጥሩ ነው። ዲቪአይ ቢሆንም ኤችዲኤምአይ ወደ ዲቪአይ የሚሄድ ተራ ገመድ በቂ ነው፣ ጥራት አይቀንስም። የምትሸሺው ቪጂኤን ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1987 የወጣ አናሎግ ነገር ነው፣ መቀየሪያው ርካሽ ከሆነ ፊደሉ ዙሪያ ጥላ ይፈጥራል። ግድ ከሆነብሽ ሞኒተሩ ላይ «ኦቶ» የሚለውን ተጫኚ፣ ትንሽ ይጠራል።

መብራት ሲሄድ ላፕቶፕሽ በባትሪው ይቀጥላል፣ ሞኒተሩ ግን ይጠፋል። ኤልኢዲ 22 ኢንች ወደ 20 ዋት ብቻ ስለሚወስድ ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚተካ ሣጥን)፣ ባትሪው ጤነኛ ከሆነ፣ ከግማሽ ሰዓት በላይ ይይዝልሻል። ዩፒኤስ ባይኖርሽም መብራት እንደሄደ ሞኒተሩን ከዲቫይደሩ ንቀዪው። ሲመጣም ጥቂት ደቂቃ ጠብቀሽ ሰኪ። እጄ የገቡት የተቃጠሉ ፓወሮች አብዛኞቹ መብራት ሲመለስ የተመቱ ናቸው።

ቤት ስታደርሺው የስክሪኑን የላይኛ ጠርዝ ከዓይንሽ ጋር እኩል ወይም ትንሽ ዝቅ አድርጊው። እግሩ ከፍ የማይል ከሆነ ሁለት ወፍራም መጻሕፍት ከሥሩ ይግቡ። መስኮቱ ከፊትሽም ከኋላሽም አይሁን፣ በጎን ይሁን። ብርሃኑ ከፋብሪካ ሲመጣ በጣም ከፍ ያለ ስለሆነ አጠገቡ ነጭ ወረቀት ይዘሽ፣ ስክሪኑ ወረቀቱን እስኪመስል ድረስ ቀንሺው። ከዚያ ትንሽ ኪቦርድና ማውስ ግዢ። ላፕቶፑን ከፊትሽ አስቀምጠሽ በእሱ ኪቦርድ ከጻፍሽ ሞኒተሩ ወደ ኋላ ይገፋል፣ አንቺም ታቀረቅሪያለሽ፣ አንገትሽም አይድንም። ላፕቶፑን ክደኚውና ወደ ጎን አድርጊው። ሲከደን እንዳይተኛ ዊንዶውስ የፓወር ቅንብር ውስጥ ክዳኑ ሲዘጋ ምንም እንዳያደርግ ማዘዝ ይቻላል። አየር እንዲያገኝ ግን በቁሙ ደግፈሽ አስቀምጪው፣ መጻሕፍት አትጫኚበት።