መልስ፦ አዲሱ ሰፈር በእግር የማይገባው ለምንድነው?

«ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ በእግሬ የትም እደርሳለሁ፣ አዲሱ ሰፈር ግን ለቅርቡም ባጃጅ ነው፣ ለምን?» ላልከው፦ ወንድሜ፣ ዋናው ነገር የመንገዱ አጣጣል ነው። ከዚራ ባቡሩ በ1902 እ.ኤ.አ. ድሬ ሲደርስ በፕላን የተጀመረ ሰፈር ነው። መስቀለኛው ብዙ ነው፤ አንዱ ቢዘጋብህ በሌላው ታልፋለህ። ከተማ ወደ ዳር ሲሰፋ ግን ብዙ ጊዜ ቤቱ ይቀድምና መንገዱ በተረፈው ቦታ ይገባል። ከግቢዬ ጀርባ ያለው ሱቅ በአጥር ላይ ይታየኛል፣ ባለሱቁን ሰላም እለዋለሁ፤ ዳቦ ለመግዛት ግን ቅያሱ ስለሚዘጋ እስከ አስፋልቱ ወጥቼ መዞር አለብኝ፣ በዚያ ፀሐይ! ጥበትም አይደለም ችግሩ። የሐረር ጀጎል መንገድ ጠባብ ነው፣ ግን እርስ በርሱ ይገናኛል። ሰፈራችሁ ገና ካልሞላ የእግረኛ መተላለፊያ አሁኑኑ ጠይቁ፣ አጥር ከቆመ በኋላ ማስከፈት በጣም ከባድ ነው።