ስኳር ያለበት ሰው ቁርጭምጭሚቱ ሲሰበር

ጥያቄ፦ እናቴ 61 ዓመታቸው ነው። ስኳር ከያዛቸው 14 ዓመት አልፏል። ከደረጃ ላይ ወድቀው ቁርጭምጭሚታቸው ተሰበረ። ሐኪሙ «በብረት መታሰር አለበት» አለን። ጎረቤት ደግሞ «ስኳር ያለበት ሰው ከተቀደደ ቁስሉ አይድንም፣ ወጌሻ ይየው» ይላል። የቱን እንስማ?

መልስ፦ የጎረቤቶችዎ ስጋት ከመሬት ተነስቶ የመጣ አይደለም። ስኳር ያለበት ሰው ከእንዲህ ዓይነት ቀዶ ጥገና በኋላ ቁስሉ የማመርቀዝ፣ ስፌቱ የመከፈት፣ አጥንቱም ቶሎ ያለመግጠም ዕድሉ ከሌላው ይበልጣል። ብረቱ ሊላላ ይችላል። ኢንፌክሽኑ ከከፋ እግር እስከ መቆረጥ የሚደርስበት ጊዜም አለ።

ግን አጥንቱ ቦታውን ከለቀቀ አለመሠራቱም መዳኛ አይሆንም። ጀሶ ውስጥ ይንሸራተታል። የጎበጠው አጥንት ቆዳውን ከውስጥ እየገፋ ያቆስለዋል። ያን ጊዜ ማስተካከሉ ከመጀመሪያው ይከብዳል። ስለዚህ ሐኪሙ «ስብራቱ አልጸናም» ካለ እኔም ከሱ ጋር ነኝ።

ወጌሻውን ይተዉት። ጠብቆ የታሰረ እግር ደም ሲያጥረው ጤነኛ ሰው በህመም ይጮሃል። ነርቩ በስኳር የደነዘዘ ሰው ግን ዝም ብሎ ይተኛል።

የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ይኸው መደንዘዝ ነው። ከቀዶ ጥገናው በፊት የእግራቸው ስሜት ተለክቶ እንደሆነ ይጠይቁ። በቀጭን የናይለን ክር የእግርን መዳፍ ነካ ነካ የማድረግ ምርመራ ነው፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። የእግር የደም ትርታም ይታይ። ያለፈውን የሦስት ወር የስኳር አማካይ የሚያሳየው የደም ምርመራ (HbA1c) ከ8 በመቶ በላይ ከሆነ ስጋቱ ከፍ ይላል። ስብራት ሦስት ወር ስለማይጠብቅ ግን የዕለቱን ስኳር ማስተካከል ላይ ይበርቱ። እብጠቱ እስኪጎድል፣ ቆዳው መጨማደድ እስኪጀምር ቀኑ አንድ ሁለት ሳምንት ቢገፋ አይበሳጩ። ባበጠ ቆዳ ላይ የተሰፋ ስፌት ይፈታል።

ትልቁ ፈተና ከዚያ በኋላ ነው። ሌላው ሰው ስድስት ሳምንት ያህል እግሩን ሳይረግጥ ይቆያል። ነርቩ የተጎዳ ሰው ዕጥፉን መቆየት ሊኖርበት ይችላል። እናቶቻችን ደግሞ ያውቋቸዋል፤ እንግዳ ከገባ ቁጭ አይሉም! «አያመኝም እኮ» ብለው ቡና ሊያፈሉ ይነሳሉ። አለማመሙ ድኗል ማለት አይደለም። ሰው ይመደብላቸው፣ ክራንቹ ከከበዳቸው ዊልቸር ይፈለግ።

መግል፣ ሽታ፣ ትኩሳት ወይም ከጀሶው ጫፍ የጠቆረ ጣት ካዩ ቀጠሮ አይጠብቁ፣ በዚያው ቀን ይሂዱ። ከወራት በኋላም እግሩ ድንገት ቢያብጥ፣ ቢቀላና ከሌላኛው ይልቅ ቢሞቅ እንዲሁ። ቻርኮት የሚባል፣ የደነዘዘ እግር አጥንትና መገጣጠሚያ የሚፈርስበት ችግር ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ ላይ ራጅ ላይ ላይታይ ስለሚችል ሪህ ነው ተብሎ ይታለፋል። ስኳር እንዳለባቸውና እግራቸው እንደተሠራ ለሚያያቸው ሐኪም ሁሉ ይንገሩ።

ያልተሰበረውን እግርም ማታ ማታ ካልሲውን አውልቀው ይዩት። ሸክሙ ሁሉ እሱ ላይ ስለሚወድቅ መዳፉ ስር ሳይታወቅ ይቆስላል።